ከነገሌ ቦረና የሚነሣ ዲዛይነር ምን ይማር?

ለቆላ አርብቶ አደር ተብለው በሚታተሙ ማስተማሪያ ወረቀቶች ላይ ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር፣ ሻኛ የሌላት የፈረንጅ ላም ማየት የተለመደ ነው። ንድፉን የሠራው ልጅ ሰንፎ አይመስለኝም፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ላም ብሎ ሲፈልግ ቀድማ የመጣችለት እሷ ናት። የቦረና ከብት ግን ዝናው ከኬንያ አልፎ አውስትራሊያ የደረሰ፣ ሻኛው የጎላ፣ ቆዳው የላላ፣ ቀለሙ ባመዛኙ ነጭ ወይም ዳለቻ የሆነ ዝርያ ነው። አንዳንዴ ይብስና በአገሩ ግመል ፈንታ ሁለት ሻኛ ያለው የመካከለኛው እስያ ግመል ይቀመጣል። ወረቀቱን የሚቀበለው ሰው ደግሞ ከብት ከሩቅ አይቶ የማን እንደሆነ የሚለይ ነው። እንዲህ ያለ ዓይን ፊት የተሳሳተች ላም ይዞ መቅረብ፣ እንግዳን ስሙን አሳስቶ እንደ መጥራት ነው፤ የቀረውን ንግግር ማን ይሰማል?

ከነገሌ ቦረና፣ ከያቤሎ፣ ከሞያሌ ወይም ከፊልቱ ተነሥቶ አስረጂ ሥዕል መሥራት፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ኢሉስትሬሽን የሚሉትን ሙያ መያዝ የሚፈልግ ወጣት ምን ከየት ያገኛል? አቋሜ ከወዲሁ ይታወቅ። የእጅ ዘዴው ዛሬ በስልክም ይገኛል። የምስሉ ቋንቋ ግን ምስሉን ከሚያነበው ሰው ዘንድ ነው ያለው፤ ትምህርት ቤቶቻችን የመጀመሪያውን ያስተምራሉ፣ ሁለተኛውን ለዕድል ይተዉታል።

መደበኛው መንገድ ጠባብ ነው። ነገሌ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ አንጋፋው የሥዕል ትምህርት ቤት ያለው ደግሞ አዲስ አበባ ነው። አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም የመሠረቱት ይህ ቤት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በመሥራቹ ስም ይጠራል። ለመግባት የንድፍ ፈተና አለ። የቆላው ልጅ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። የከተማው ተፈታኝ በግል አስጠኚ እጅ ከሰል ይዞ የጀሶ ጭንቅላት ሲስል ከርሞ ሊመጣ ይችላል፤ የነገሌው ከባዮሎጂ መጽሐፍ ልብና ኩላሊት ከመገልበጥ ያለፈ ልምምድ ላይኖረው ይችላል።

በነገራችን ላይ ያ የባዮሎጂ ሥዕል አይናቅ። በየደብተራችን ጥግ በቢክ እስክሪብቶ የሠራነው የአበባ ቁራጭ፣ ቀስት እየተሰደደለት ክፍሎቹ የተጻፉበት ዓይን፣ በአገራችን እጅግ ብዙ ሰው ያለፈበት የአስረጂ ሥዕል ትምህርት ነው። ምን ይጎላ፣ ምን ይተው፣ ጽሑፉ የት ይቀመጥ የሚለውን ሁሉ ያስተምራል። ማንም የዲዛይን ትምህርት ብሎ አልጠራውም እንጂ። የሥዕል ክፍለ ጊዜ የሚባለው በብዙ ትምህርት ቤት ለሒሳብ ማካካሻ ሲሰጥ በኖረበት አገር፣ የባዮሎጂ መምህራን የሥዕል መምህራን ሆነው አገልግለዋል። አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና ዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ገብቷል፤ መምህሩ ራሱ እርሳስ ይዞ ካልሠለጠነ ግን መጽሐፍ ብቻውን እጅ አያፈታም።

ከዋናው በር ሌላ የጎን በሮች አሉ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ተቋም የልብስ ንድፍ ይሰጣል፤ ልደታ ያለው፣ በ1947 ዓ.ም ገደማ በኢትዮ ስዊድን ትብብር የተጀመረው የሕንፃ ትምህርት ተቋም ደግሞ እይታንና ልኬትን ከማንም በላይ ያስተምራል። ከሁለቱም ብዙ ይገኛል፤ ግን የተማሩትን ሳይመረምሩ ወደ ሌላ ሥራ ማሻገር ያሳስታል። በፋሽን ንድፍ የሰው ቁመት በዘጠኝ ራስ ይለካል፤ እግሩ ይረዝማል፣ ፊቱ ያንሳል። ያንን ሰው ወስዶ የእጅ መታጠብ ፖስተር ላይ ማቆም የማይታወቅ ፍጡር መጋበዝ ነው። የሕንፃ ተማሪ ደግሞ ከላይ የታየ ንድፍ ለሁሉም ሰው ግልጽ ይመስለዋል። አይደለም፤ ቤትን ከጣሪያው በላይ ሆኖ ማየት የተማረ ሰው ልማድ ነው።

የአለ ትምህርት ቤት ለአስረጂ ሥዕል ያወረሰው ትልቁ ነገር፣ በእኔ ግምት፣ ከሸራው ክፍል ይልቅ ከሕትመት ክፍሉ የመጣ ነው። በብራዚል የኖረው ጀርመናዊ ሐንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 እዚያ የእንጨት ቅርጽ ሕትመት አስተምሯል። ዘሪሁን የትምጌታ ከዚያ ዘመን ከወጡት አንዱ ናቸው፤ በኋላ በቀርከሃ ቅጥልጥል ላይ በሠሩት ሥራ ከአገር ውጭ ጭምር ታውቀዋል። የእንጨት ሕትመት ጥቅሙ አይምሬነቱ ነው። እንጨት ግራጫ አያውቅም፤ ወይ ተቆርጧል ወይ አልተቆረጠም። ተማሪው እያንዳንዱን መስመር አስቦ ይወስናል። ከዚህ ትምህርት የተሻለ ለቆላ ከተማ የሚመች አላውቅም። ምክንያቱ ፎቶኮፒ ነው። በነገሌ ወይም በያቤሎ አንድ ማስተማሪያ ወረቀት ከታተመ በኋላ ሕይወቱ የሚቀጥለው በፎቶኮፒ ነው፤ የቅጂ ቅጂ፣ የቅጂው ቅጂ። በእርሳስ ጥላ የለሰለሰ ፊት በሦስተኛው ዙር ጥቁር ድፍን ይሆናል። በወፍራምና ቀጭን መስመር የተሠራ፣ ጥላው በሰረዝ የተገለጸ ሥዕል ግን አሥረኛው ቅጂ ላይም ያው ሰው ነው።

አፈወርቅ ተክሌም በዚህ በኩል ሲታዩ ከሠዓሊነታቸው ሌላ ነገር ያስተምራሉ። በአፍሪካ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1961 የቆመው 150 ካሬ ሜትር ያህል የሚሸፍን ባለቀለም መስታወታቸው የአህጉሩን ያለፈ ዘመን፣ ትግሉንና መጪውን በሦስት ክፍል ከፍሎ ይተርካል። ከሩቅ የሚነበበው ድንበሩ ስለጎላ ነው። ተማሪዎች ቀለሙን ያደንቃሉ፤ አወቃቀሩን ቢቀዱ ይሻላቸዋል።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት የነበረው ትምህርት ቤት ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። ደቀ መዝሙሩ የመምህሩን ሥራ ደጋግሞ እየገለበጠ ያድጋል። ሕጉ የታወቀ ነው፦ ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ከሐዲ ወይም ጠላት በጎን፣ ባንድ ዓይን ይሣላል። ትልቅ የሆነው ትልቅ ሆኖ ይሣላል፤ ርቀት አያሳንሰውም። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ በአርባ አራት ክፍል ተከፋፍሎ ባንድ ጨርቅ ላይ ሲሠራ፣ ዛሬ ኮሚክ የምንለው ነገር ሙሉ ሆኖ ቆሟል። ይህን ቋንቋ የሰሜን ሰው አንብቦት ያድጋል። የቦረና ልጅ፣ የጉጂ ልጅ፣ የሶማሌ ልጅ ግን የግድ አያነበውም። የአገሪቱ የምስል ቋንቋ ሲባል ብዙ ጊዜ ይህ አንዱ ብቻ የሚጠቀስ መሆኑ የትምህርቱ ትልቅ ጉድለት ነው። ኮንሶን ማየት ይበቃል። የሞተን ጀግና የሚያስታውሱት የእንጨት ዋካዎች በረድፍ ይቆማሉ፤ መሐል ላይ ጀግናው፣ አጠገቡ ሚስቶቹ፣ ከዚያ የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎች። ረድፉን የሚያውቅ ሰው ሕይወቱን ከአቋቋማቸው ያነበዋል። የሰሜኑ ሕግ በመጠን ይናገራል፣ ይህኛው በሥፍራ።

ወደ ቦረና ምድር ስንገባ ቋንቋው ከሸራም ከእንጨትም ይወጣና ከብት ላይ ይታተማል። በከብትና በግመል ገላ ላይ በጋለ ብረት የሚተኮሰው የጎሳ ምልክት፣ ስለ ሎጎ ከሚጻፈው ሁሉ የበለጠ አስተማሪ ይመስለኛል። ባንድ ቀለም መሥራት አለበት። ከሩቅ፣ በአቧራ ውስጥ፣ እንስሳው እየሄደ መለየት አለበት። ጥጃው ሲያድግ ቆዳው ይለጠጣል፣ ምልክቱም አብሮ ይሰፋል። ሁለት መስመር በጣም ከተቀራረበ ቁስሉ ይገናኝና አንድ ይሆናል። ስለዚህ መስመሩ ጥቂት ነው፣ ክፍተቱ ሰፊ ነው። ኮምፒዩተር ላይ አምስት ቀለምና ጥላ የደረበ ምልክት ሠርቶ ማኅተም ላይ ሲወርድ የጠፋበት ተማሪ ይህንን ቢያይ ሌላ ማስተማሪያ አይፈልግም።

የወተት ዕቃው ጎርፋም አለ። ከዕፅዋት ቃጫ በጣም ጠብቆ ይሠራል፣ ቆዳና ዛጎል ይለብሳል። ጌጡ የሚጀምረው ስፌቱ ከሚጠይቀው ቦታ ነው፤ ማሰሪያው ባለበት ጌጥ አለ፣ በሌለበት የለም። ሠሪዎቹ ሴቶች ናቸው። አንድ የዲዛይን ተማሪ ከእናቱ ወይም ከአክስቱ ፊት ቁጭ ብሎ የአንድ ጎርፋ አሠራር ደረጃ በደረጃ ቢሥል፣ የአሠራር መመሪያ ሥዕል የሚባለውን አስቸጋሪ ዘርፍ ይለማመዳል፦ እጁ የት ይሁን፣ የተሸፈነው ክር እንዴት ይታይ፣ ከአንዱ ሥዕል ወደሚቀጥለው ምን ያህል ይዘለል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ኤላው፣ የውኃ ጉድጓዱ ነው። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ የቦረና ጉድጓዶች ከብቱ ወደ ገንዳው የሚወርድበት ተዳፋት መንገድ አላቸው። ከገንዳው በታች ሰዎች አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ የውኃ መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ፎቶ አንሺዎች እዚህ ይሸነፋሉ፤ ካሜራው የሚያገኘው ከላይ የአንዱን ሰው ጀርባ ነው። ሠዓሊው ግን መሬቱን እንደ ዳቦ ቆርጦ ውስጡን ማሳየት ይችላል። ተዳፋቱ፣ ገንዳው፣ የሰው ሰንሰለት፣ ውኃው ባንድ ገጽ። ከዚያ የበለጠ ጥያቄ ይመጣል። ውኃው በተራ ነው የሚጠጣው፣ ተራውን የሚመራም አባ ሄሬጋ አለ። ተራ በሥዕል እንዴት ይገለጻል? ቀስት ይበቃል? የከብቱ አሰላለፍ ይናገራል? ከውኃው ተራ የሚሰፋም ተራ አለ፦ የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ በየስምንት ዓመቱ የሚዞረውን ያንን ሥርዓት ከቃል ዝርዝር ይልቅ ባንድ ጥሩ ሥዕል የሚያስረዳ ቢገኝ፣ የትኛውም የመመረቂያ ሥራ አይተካከለውም።

ስለ ቀለምም አንድ ነገር። የዲዛይን መጻሕፍት ጥቁርን ለሐዘን፣ ነጭን ለንጽሕና ይመድባሉ። በኦሮሞ ጸሎት ግን ፈጣሪ ዋቃ ጉራቻ ተብሎ ይጠራል፤ ጥቁር ደመና ዝናብ ነው፣ ዝናብ ሣር ነው። ድርቅን ለማስጠንቀቅ የጠቆረ ሰማይ የሣለ ዲዛይነር በቦረና ምሥራች ሊያበስር ይችላል።

ምስል ይነበባል ወይስ በራሱ ይታያል የሚለው ክርክር ዓለም አቀፍ ነው፤ አንዱ ማስረጃው ግን ከእኛው አገር ደቡብ ምዕራብ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ተመራማሪው ዴሬጎውስኪና ሁለት ባልደረቦቹ ሥዕል አይተው በማያውቁ የሜእን ሰዎች መካከል ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ወረቀት የተሰጣቸው ሰዎች ሥዕሉን ትተው ወረቀቱን ያሸቱትና ያንኮሻኩሹት ነበር፤ ለእነሱ አዲሱ ነገር ወረቀቱ ነው። እንስሳቱ በሚያውቁት ነገር፣ በጨርቅ ላይ በትልቁ ታትመው ሲቀርቡ ግን አብዛኞቹ ለይተዋል፤ አንዳንዶቹ እግሩን፣ ጭራውን፣ ቀንዱን አንድ በአንድ ከለዩ በኋላ። ይህ ጥናት ብዙ ጊዜ አይችሉም ለማለት ተጠቅሷል፤ እኔ የማነብበው በተቃራኒው ነው። የተሠራበት ነገር ሲታወቅ ሥዕሉም ይታወቃል። ዛሬ ስልክ በሁሉ እጅ ገብቶ ዘመኑ ተለውጧል፤ ክፍል በክፍል የሚነበብ ሥዕል ማዘጋጀት ግን ዛሬም ይጠቅማል። ከዚያ ቀደም ብሎም፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ አይሶታይፕ የተባለውን የምስል ዘዴ ያስፋፋችው ማሪ ኖይራት ለምዕራብ ናይጄሪያ የጤናና የትምህርት መጻሕፍት ስትሠራ፣ ለንደን የተሣሉትን ሰዎች፣ ቤቶችና ልብሶች ከአገሩ ሰዎች ጋር ተመካክራ ለመቀየር ተገድዳለች።

ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የከብት መድን ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር በቦረና አዲስ መድን አቀረበ። ክፍያው በሳተላይት በሚታይ የሣር ልምላሜ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ላምህ ሞተች ተብሎ ሳይሆን መሬቱ ደረቀ ተብሎ ይከፈላል። ለማስረዳት የሚያስቸግር ሐሳብ ነው። አጥኚዎቹ ለተወሰኑ ቤተሰቦች የኮሚክ መጽሐፍ፣ ለሌሎች በካሴት የተቀዳ ጭውውት ሰጥተው፣ ለአንዳንዶች ደግሞ የዋጋ ቅናሽ ኩፖን አደሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ውጤት ለዲዛይን ተማሪ የግድ መነበብ ያለበት ነው። ማስተማሪያው ሰዎች ስለ መድኑ ያላቸውን ዕውቀት ጨምሯል፤ የገዢውን ቁጥር ግን አልጨመረም። ግዢውን የጨመረው ቅናሹ ነበር። አንዳንዱ ይህን እንደ ሥዕል ሽንፈት ያየዋል። እኔ አላየውም። ሥዕሉ ሥራውን ሠርቷል፤ ሰው ገብቶት አልገዛም ማለት አውቆ ወሰነ ማለት ነው። ማስረዳትን ከማሻሻጥ ያልለየ ዲዛይነር ግን በዚህ ውጤት ግራ ይጋባል።

መሣሪያውን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ውድ ታብሌት የሌለው ተማሪ በስልኩ አይቢስ ፔይንት ይጭናል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ነፃ የሆኑትን ክሪታንና ኢንክስኬፕን ያገኛል። ለአዶቢ በውጭ ካርድ በየወሩ መክፈል ለአብዛኛው የማይቻል ስለሆነ የተሰበረ ቅጂ ነው የሚሠራበት፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስልክ ላይ የለመደ እጅ ስህተቱን በጣት ነክቶ ይመልሳል፤ ስለዚህ አይቶ ከመወሰን ይልቅ ሞክሮ መደምሰስ ይለምዳል። የመጀመሪያው ዓመት በወረቀትና በቢክ ቢያልፍ ይሻላል። በገበያ ቀን የነገሌ የከብት ገበያ ለሰውና ለእንስሳ ንድፍ የሚሆን ነፃ ክፍል ነው፤ ሞዴሉ አይቆምልህም፣ ያ ነው ጥቅሙ።

የኅትመት ዕውቀት ግን በስልክ አይገኝም። ስክሪኑ ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ባነር ላይ ሲወጣ የሚደበዝዘው ብርሃንና ቀለም የተለያዩ ስለሆኑ ነው፤ ይህን ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚማሩት የደንበኛ ገንዘብ ካባከኑ በኋላ ነው። የቆላው ፀሐይ ደግሞ ቢጫውንና ቀዩን ቀድሞ ይበላል። በየከተማው ወደ ሰማያዊ የተለወጡ የሰው ፊቶችን ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቃል። ለውጭ የሚሰቀል ሥራ ትርጉሙን በቅርጽና በጥቁር መስመር ላይ ይጣል፤ ቀለሙ ቢሄድም ንግግሩ ይቀራል።

የነገሌ ዲዛይነር ሌላው ግዴታ ፊደል ነው። ከ1984 ዓ.ም ወዲህ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ አማርኛ በግዕዝ ፊደል፤ ወደ ዶሎ መንገድ ሲቀጥሉ ሶማሊኛ ይጨመራል። አንዱ ሰሌዳ ላይ ሁለት ሦስት ቋንቋ ሲገናኝ ላቲኑ በድርብ አናባቢ ይረዝማል፣ ግዕዙ አጥሮ ግን ዝርዝሩ በዝቶ ይጨናነቃል። በመጠን እኩል ቢደረጉ በዓይን እኩል አይሆኑም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ኮምፒዩተር ላይ መጻፉ ቀሏል፤ ከላቲን ጋር ተመጣጥነው የተሠሩ፣ ወፍራምና ቀጭን ያላቸው ቅርጾች ግን ዛሬም ጥቂት ናቸው። ሠዓሊው ወሰኔ ኮስሮፍ ፊደልን በሸራ ላይ አስጨፍረውታል፤ ለዕለት ሰሌዳ የሚሆን ፊደል የሚቀርጽ ወጣት ግን ገና ብዙ ቦታ ክፍት አለው።

ለተፈጥሮ ሥዕል ያለው ዕድልም ያስገርመኛል። ነገሌ አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ በዓለም ላይ ለመጥፋት ከተቃረቡ ወፎች አንዱ፣ የሊበን ሎሪት የምትባለው ትንሽ ወፍ ትኖራለች። ከእሷ ሌላ በጣሊያናዊው ልዑል ሩስፖሊ ስም የምትጠራ ቱራኮ አለች፤ ልዑሉ በ1893 እ.ኤ.አ. በዝሆን ተገድሎ ናሙናዋ የተገኘበት ቦታ ሳይጻፍ ቀርቷል። እነዚህን ወፎች በመመሪያ መጻሕፍት የሣሏቸው የውጭ ሠዓሊዎች ናቸው፤ ከነገሌ በእግር ወጥቶ ማየት የሚችል ተማሪ ባለበት።

ከገበያው በኩል እውነቱን ለመናገር፣ በቆላ ከተሞች አስረጂ ሥዕል ብቻ ሠርቶ መኖር ዛሬ አይቻልም። ኑሮው የሚሸፈነው በባነር፣ በሠርግ ካርድ፣ በማኅተምና በቲሸርት ነው። በአዲስ አበባ ግን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ዝግጅት የሠራው ቡድን፣ ለልጆች የሚሆን ሥዕልና አኒሜሽን ተመልካች እንደሚያገኝ አሳይቷል። የቆላው ልጆች በቋንቋቸው፣ በከብቶቻቸው፣ በኤላቸው የተሠራ ነገር እስኪያገኙ ሥራው አላለቀም።

በስድስት ኪሎ፣ በያቤሎው ቦረና ዩኒቨርሲቲና በቡሌ ሆራ የምታስተምሩ ሁሉ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ተማሪዎቻችሁ ለአርብቶ አደር የሚሆን ፖስተር ወይም መጽሐፍ ለመመረቂያ ሲያቀርቡ፣ ከገምጋሚዎቹ መካከል ፊደል ያልቆጠረ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ይቀመጡ። ሥዕሉ ምን እንዳላቸው በራሳቸው አንደበት ይናገሩ። ከመቶው ግማሹ ነጥብ ከዚያ መልስ ይያዝ።